በሌላው ሥራ ላይ ስለ መሥራት፤ የቼዝ ፕሮግራሞች ክርክርና የይርጋ ጨፌ ስም

፩ የጥያቄው መነሻ

የዚህች አጭር ጥናት ዓላማ፥ አንድ ሰው ሌላው በደከመበት ሥራ ላይ ተነሥቶ የራሱን ሥራ ሲሠራ ለፊተኛው ሠራተኛ ምን ዕዳ እንዳለበት በታሪክ ምስክርነት መመርመር ነው። ለምርመራችን ሁለት ክርክሮችን መርጠናል። አንደኛው የቼዝ ጨዋታን ለኮምፒዩተር በሚያስተምሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች መካከል የተነሣው ነው። ሁለተኛው ከዲላ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በይርጋ ጨፌ ስም ምክንያት በኢትዮጵያ መንግሥትና በአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች መካከል የተደረገው ነው። ሁለቱ ነገሮች ተራራና ባሕር የሚለያቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሁለቱም ሥር የተተከለው በአንድ ዓመት፥ ማለት በ2005፥ ከመሆኑም በላይ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።)

ይህን ጥያቄ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሳችን ላይ ከደረሰው ኀፍረት ነው። የቀድሞውን የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የሚጫወት አነስተኛ ፕሮግራም አዘጋጅተን ነበር። የጠጠሮቹን አካሄድ ራሳችን ጻፍነው፤ ነገር ግን ወደ ፊት ሊመጣ የሚችለውን ጨዋታ እየፈለገ የሚያመዛዝነውን ክፍል፥ ማለት የፕሮግራሙን አንጎል፥ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ከተለቀቀ ከአንድ የሩቅ አገር ሰው ፕሮግራም ወሰድነው። በዚያ መዝገብ ራስ ላይ የጸሐፊው ስምና የፈቃዱ ቃል የተጻፈባቸው ጥቂት መስመሮች ነበሩ። ገጹ ይጥራ ብለን እነዚያን መስመሮች ፋቅናቸው። ሥራችንን ባቀረብንበት ቀን አንድ መምህራችን ያን ክፍል በጣታቸው እያመለከቱ፥ «ልጆቼ፥ ይህ የማን ነው?» ብለው ጠየቁን። «የእኛ ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። ዝምታቸው ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን። እንግዲህ ይህ ጥናት ያን ጊዜ በእውነት ያልመለስነውን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው።

፪ በአገራችን የነበረው ልማድ

አስቀድመን በአገራችን በሌላው ሥራ ላይ መሥራት እንዴት ይታይ እንደ ነበረ እንመልከት፤ ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋልና።

የሰንጠረዥ ጨዋታ ራሱ ከሌላ የተወሰደ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ የራስ ወልደ ሥላሴ ሰዎች ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። በጨዋታችን ውስጥ ጠጠሮቹ ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና ሜደቅ ይባላሉ። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ ፈርዝ ከፋርስ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ያለፈ የአማካሪ ስም ነው፤ ሜደቅም ዐረቦች እግረኛውን ጠጠር ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። አባቶቻችን ጨዋታውን ከጎረቤት ሲቀበሉ የሰጪውን ስም ከጠጠሮቹ ላይ አልፋቁም። ነገር ግን እንደ ተቀበሉት ብቻ አላስቀመጡትም፤ «ወረራ» የሚባለውን፥ ማለት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ የሚያንቀሳቅሱበትን አጀማመር ጨመሩበት። እንግዲህ የአገራችን ሰንጠረዥ ውርሱም ፈጠራውም በአንድነት የሚታዩበት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምስክር የብራና ጽሕፈት ነው። በጥንታዊ መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ራሱንና ያጻፈውን ሰው እየጠራ አንባቢ እንዲጸልይላቸው ሲለምን እናገኛለን። ቍም ጸሐፊው ድርሰቱን እኔ ደረስሁት አይልም፤ ድካሙ በመገልበጡ እንደ ሆነ ያውቃል፥ ያንንም ድካም ያስመዘግባል። መገልበጥ በዚያ ዘመን ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም መጽሐፍ ከጥፋት የሚድነው በመገልበጥ ነበር። ነውሩ የደራሲውን ሥራ በገልባጩ ስም መጥራት ነበር።

ሦስተኛው ምስክር የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ዐይነቶች፥ እነ ጉባኤ ቃና፥ ዘአምላኪየ፥ ሚበዝኁ፥ ሥላሴ፥ መወድስና ዕጣነ ሞገር፥ የማንም ሰው የግል ሀብት አይደሉም። ልኩንና ዜማውን፥ ሰምና ወርቅ የሚሠራበትን ስልት ሁሉም ተማሪ ከመምህሩ በነጻ ይቀበላል። ተማሪው በዚያ ልክ የሚዘርፈው ቅኔ ግን በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት ሌላው የተቀኘውን ዛሬ የራሱ አስመስሎ ቢያሰማ በጉባኤው ፊት ያፍራል። ልኩ የሁሉ ነው፤ ድርሰቱ የደራሲው ነው። የዛሬው ሕግ ሐሳብንና የሐሳብን አገላለጽ ለይቶ ማየት የሚለው ነገር፥ በቅኔ ቤት ያለ ሕግ መጽሐፍ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው።

በጽሑፍ ሕግም ቢሆን አገራችን ወደ ኋላ አልቀረችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለሀብትነት ደንግጎ ነበር። ኋላም በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 በዚያ ምትክ ወጣ። ይህ አዋጅ የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ጥበቃ ከሚገባቸው ሥራዎች ጋር ቈጥሮታል፤ በአንጻሩ ሐሳብን፥ ሥልትን፥ ቀመርንና ግኝትን አይጠብቅም። ደግሞም የሥራ አመንጪው ከገንዘብ ጥቅሙ ሌላ በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ እኛ የፋቅናቸው መስመሮች የትሕትና ጉዳይ ብቻ አልነበሩም፤ የሕግም ጉዳይ ነበሩ።

፫ የቼዝ ፕሮግራሞች ክርክር

አሜሪካዊው ሊቅ ክሎድ ሻነን ኮምፒዩተር ቼዝን እንዴት ሊጫወት እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፉን ያሳተመው በ1950 ነው። ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሁሉ በእርሱ ሐሳብ ላይ ሠርተዋል፤ ይህን ማንም ስርቆት ብሎ አያውቅም። የቼዝ ፕሮግራም በአጭሩ ሁለት ዋና ሥራዎች አሉት። አንደኛው ፍለጋ ነው፤ ይኸውም «እኔ ይህን ብሄድ፥ እርሱ ያን ቢመልስ» እያለ የጨዋታውን ቅርንጫፎች መከተል ነው። ሁለተኛው ግምገማ ነው፤ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የተገኘው አሰላለፍ ለማን እንደሚያደላ በቍጥር መመዘን ነው። የፕሮግራሙ ጠባይ ይበልጡን የሚታየው በግምገማው ነው፤ ንጉሡ ምን ያህል ተጠብቋል፥ እግረኛው ምን ያህል ወደ ፊት ገፍቷል፥ ፈረሱ በየትኛው ቤት ቢቆም ምን ዋጋ አለው ለሚሉት ሁሉ ጸሐፊው የራሱን ሚዛን ያኖራል።

ፈረንሳዊው ፋብየን ሌቱዜ ፍሩት የተባለ ፕሮግራም ነበረው። በጁን ወር 2005 የፍሩትን 2.1 እትም ከነሶርስ ኮዱ ጂ.ፒ.ኤል. በሚባለው ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ ለዓለም ለቀቀው። የዚህ ፈቃድ ቃል ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ሥራውን ማንም ያነበዋል፥ ይለውጠዋል፥ ያሰራጨዋል፤ ዋጋ ማስከፈል እንኳ አልተከለከለም። ነገር ግን በዚያ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ሥራ የሚያሰራጭ ሰው የፊተኛውን ጸሐፊ ማስታወቂያ መጠበቅ፥ የአዲሱንም ሥራ ሶርስ ኮድ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለበት። በነጻ የተቀበለ በነጻ ያስተላልፍ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፍሩት ሬይኪያቪክ ላይ በተደረገው የዓለም የኮምፒዩተር ቼዝ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ።

ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ፥ በዲሴምበር 2005፥ የቼዝ ዓለም አቀፍ ማስተር የሆነው ቫሲክ ራይሊክ ሪብካ የተባለ ፕሮግራም አወጣ። ሪብካ በቼክ ቋንቋ ትንሽ ዓሣ ማለት ነው። ትንሿ ዓሣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትልልቆቹን ሁሉ ዋጠቻቸው፤ ከ2007 እስከ 2010 ድረስ አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ራይሊክ የፍሩትን ኮድ በጥንቃቄ እንዳጠናና ብዙ ነገር እንደ ቀሰመበት በጊዜው በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ ጽሑፉ ግን የራሱ እንደ ሆነ አስታወቀ። የሪብካ ሶርስ ኮድ ዝግ ስለ ነበረ ሌላ ሰው ሊያረጋግጥ አልቻለም።

በ2011 ሌቱዜ ጉዳዩ እንዲመረመር የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሌሎችም ፕሮግራም ጸሐፊዎች አቤቱታ አቀረቡ። የዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ማኅበር መርማሪዎች ሰየመ። የማኅበሩ ውድድር ደንብ፥ እያንዳንዱ ፕሮግራም የተወዳዳሪው የራሱ ሥራ እንዲሆን፥ ከሌላ የተወሰደ ኮድ ያለበትም የምንጩን ባለቤቶች እንዲያስታውቅ ያዝዝ ነበር። መርማሪዎቹ የሪብካን የማሽን ቋንቋ ወደ ኋላ እየፈቱ ከፍሩት ጋር፥ የቀደሙትንም እትሞች የአሜሪካው ሮበርት ሃያት ከጻፈው ክራፍቲ ከተባለው ፕሮግራም ጋር አስተያዩ። ማኅበሩም በጁን ወር 2011 ሪብካ ደንቡን ጥሷል ብሎ ፈረደ፤ ከ2006 እስከ 2010 ያገኘውን ማዕርግ ሁሉ ገፈፈው፥ ራይሊክንም ለዕድሜ ልክ ከውድድሩ አገደው። ራይሊክ ግን ክሱን አልተቀበለም።

ለፍትሕ ሲባል የተከላካዮቹንም ቃል ማሰማት ይገባናል። ፍሩት የቼዝን ሜዳ በተራ በተደረደሩ ቤቶች መልክ ይይዛል፤ ሪብካ ግን እያንዳንዱን የጠጠር ዐይነት 64 ቦታ ባለው አንድ ቍጥር ይይዛል፥ ሜዳውም 64 ቤት ስላለው እያንዳንዱ ቦታ አንድ ቤትን ይወክላል። አያያዙ ከተለወጠ ኮዱ ከሥሩ እንደ ገና መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ የተወሰደው ሐሳብ እንጂ ጽሕፈት አይደለም ብለው ተከራከሩ። ከሳሾቹም ሲመልሱ፥ አንድ ሐሳብ ቢወሰድ ትምህርት ነው፤ የግምገማው ክፍሎች ምርጫና አደራደር በጅምላ ሲወሰድ ግን ድርሰትን በሌላ ቋንቋ ተርጕሞ ስምን እንደ መለወጥ ነው አሉ። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን የፊዴ የሥነ ምግባር ጉባኤም ጉዳዩን ተመልክቶ በ2015 የዕድሜ ልክ እግዱ በግልጽ ደንብ ላይ እንዳልተመሠረተ ወስኖ ማኅበሩን አስጠነቀቀ፤ የማዕርጉን መገፈፍ ግን አልሻረውም። ከዚህ የምንማረው፥ በደል አድርጓል የተባለ ሰው እንኳ ቢሆን አስቀድሞ በታወቀ ሕግ ብቻ ሊቀጣ እንደሚገባው ነው።

ከዚህ ክርክር አጠገብ ሌላ ምሳሌ እናኑር። ኖርዌያዊው ቶርድ ሮምስታድ ግላውሩንግ የሚባል ክፍት ፕሮግራም ነበረው። ኢጣልያዊው ማርኮ ኮስታልባ በ2008 በዚያ ላይ ተነሥቶ አዲስ ፕሮግራም አወጣና ስቶክፊሽ ብሎ ሰየመው። ስቶክፊሽ የደረቀ ዓሣ ነው፤ በኖርዌይ ተዘጋጅቶ በኢጣልያ ይበሰላል። ስለዚህ ስሙ ራሱ ምንጩን የሚናገር ምስጋና ነው። ሮምስታድም ከአዲሱ ሥራ ጋር ተባበረ፤ ስቶክፊሽም በዓለም ላይ ከሚገኙት ብርቱ ፕሮግራሞች ግንባር ቀደሙ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2021 የሐምቡርጉ ቼስቤዝ የሚባለው ኩባንያ ፋት ፍሪትዝ 2 የተባለ ፕሮግራም ለሽያጭ ሲያቀርብ፥ የስቶክፊሽ ጸሐፊዎች ሥራው በአብዛኛው የእነርሱ መሆኑ ለገዢው በሚገባ አልተነገረም፥ የፈቃዱም ግዴታ አልተፈጸመም ብለው በጁላይ 2021 በሙኒክ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ በኖቬምበር 2022 በስምምነት ተፈጸመ፤ ኩባንያው ስቶክፊሽ ያለበትን ሥራ ለአንድ ዓመት ላያሰራጭ፥ ከዚያም በኋላ የፈቃዱን ቃል የሚጠብቅለት ኀላፊ ሊሾም ተስማማ። ከሳሾቹ ዋናውን ነገር ያገኙት ከገንዘብ አልነበረም፤ የቃል መጠበቅ ነበር የፈለጉት።

፬ የይርጋ ጨፌ ስም

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወርድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው ጫካ ይመስለዋል። እውነቱን ለሚያውቅ ግን ያ ጫካ ማሳ ነው። ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው የሕዝቡ ዋና ምግብ የሆነው እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱም ጋር ቡናው ይበቅላል። ገበሬው የቡናውን ዐይነት ኩሩሜ፥ ደጋ፥ ወሊሾ እያለ በቅጠሉና በፍሬው ይለያል። ይህን አስተራረስ አንድ ሰው አልፈለሰፈውም፤ ትውልድ ለትውልድ እየጨመረ ያደረሰው ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ያገባው ስለዚህ ነው።

ሥራው የአንዱ፥ ፍሬው የሌላው መሆኑ በጌዴኦ ምድር የቈየ ቍስል ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚጭሌ የተነሡት ባለርስቱ ከምርታቸው በሚወስደው ድርሻ ምክንያት ነበር። የቡናው ዛፍ የተተከለው በገበሬው እጅ ነው፤ ድርሻውን የሚቈርጠው ግን ሌላ ሰው ነበር። ያ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ፈረሰ፤ ጥያቄው ግን በሌላ መልክ ከባሕር ማዶ ተመለሰ።

«ይርጋ ጨፌ» የሚለው ስም በዓለም የቡና ገበያ ከቦታ ስምነት አልፎ የጣዕም ስም ሆነ። ቡና ቈይው በውጭ አገር ስሙን በከረጢቱ ላይ ሲጽፍ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከፍታ ወደ ተካዩ የሚመለሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በማርች ወር 2005 ይርጋ ጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በኢትዮጵያ መንግሥት ባለቤትነት የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ በአሜሪካ አመለከተ። ይርጋ ጨፌ በ2006 ተመዘገበ። በሲዳሞና በሐረር ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ ምክንያቱም ስሞቹ የቡናውን ዐይነት የሚገልጹ የሁሉ ቃላት ሆነዋል የሚል ነበር። ስታርባክስ የተባለውም ኩባንያ ቀደም ብሎ በ2004 «ሲዳሞ» የሚል ቃል የሚገኝበትን የንግድ ስም ለራሱ ለማስመዝገብ አመልክቶ ስለ ነበረ ነገሩ ተካረረ።

የኩባንያው ሐሳብ፥ ስሞቹ በንግድ ምልክት ፈንታ የቦታን ምንጭ በሚያረጋግጥ የምስክር ምልክት ቢጠበቁ ይሻላል የሚል ነበር። የጽሕፈት ቤቱ መልስ ደግሞ፥ ቡናው የሚለቀመው በእጅግ ብዙ ትንንሽ ማሳዎች ስለ ሆነ ከየማሳው የወጣውን ከረጢት ሁሉ መርምሮ መመስከር ለድኻ አገር የማይቻል ወጪ ነው የሚል ነበር። በኦክቶበር 2006 ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ነገሩን ለሕዝብ አሰማ። በመጨረሻም በጁን ወር 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስለ ስሞቹ አጠቃቀም፥ ስርጭትና ማስታወቂያ ተስማምተው ፈረሙ።

አሁን አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ኢትዮጵያ ለነጋዴዎቹ ያቀረበችው ፈቃድ ከክፍያ ነጻ ነበር። ስሙን ተጠቀሙበት፤ የእኛ እንደ ሆነ ግን እወቁ፥ አስታውቁም፤ ያለ ፈቃድ የራሳችሁ አታድርጉት የሚል ነበር ቃሉ። ይህ ሌቱዜ በፍሩት ላይ ካኖረው ፈቃድ ጋር ወንድማማች ነው። በሁለቱም ዘንድ ዋጋው ባዶ ነው፤ ዕዳው ግን ባዶ አይደለም።

፭ ንጽጽርና ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፥ «በነጻ የተሰጠ ነገር ምን ዕዳ አለው?» የሚል ነው። እኛም መስመሮቹን ስንፍቅ በልባችን ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሰጪው በገንዘብ ምትክ የጠየቀው ሌላ ዋጋ እንዳለ ከሁለቱም ታሪኮች አይተናል። ስም መጥራት የክፍያው መልክ ከሆነ፥ ስሙን የፋቀ ሰው ሳይከፍል ሄደ ማለት ነው። እንዲያውም በብር የተሸጠ ዕቃ ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ባለዕዳነት ይቀራል፤ በስጦታ የተገኘ ግን እስከ ተሠራበት ድረስ ውለታው አብሮ ይኖራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «ሁሉም በሌላው ላይ ይሠራል፤ ስንቱን ጠርተን እንዘልቀዋለን?» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ሻነንን በየመስመሩ የሚጠራ ፕሮግራም የለም፤ መወድስ የተቀኘ ሁሉ የመወድስን ልክ ያወጣውን ሰው አይጠራም። ሚዛኑ የሚገኘው፥ እኛ እንደሚመስለን፥ በዚህ ጥያቄ ነው፤ የወሰድነውን ክፍል ከሥራችን ብናወጣው የቀረው ያለ እርሱ ይቆማልን? ለመማር ያነበብነው ገብቶን እንደ ገና በራሳችን ልክ ከሠራነው፥ ያ ትምህርት ነው፤ ምስጋና ቢጨመርበት ያምራል። ብናወጣው ግን ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ፥ ምሰሶው የሌላ ሰው ነውና ባለምሰሶው መጠራት አለበት። የሪብካ ክርክር አስቸጋሪ የሆነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለ ወደቀ ነው፤ የእኛ ፕሮግራም ጉዳይ ግን አስቸጋሪ አይደለም። አንጎሉ ቢወጣ የሚቀረው ጠጠር የሚገፋ እጅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ «ስም ቢጠራስ ለባለስሙ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። የይርጋ ጨፌ ምልክት ባለቤት መንግሥት እንጂ የጌዴኦ ገበሬ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ቡናውን በቀጥታ ወደ ውጭ መላኩ የገበሬውን እጅ ያበረታ ነገር ነው፤ ሆኖም በከረጢት ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን የልጅ ደብተር አይገዛም። ይህን አንክድም። ስም መጥራት ፍትሕን ሁሉ አይፈጽምም። ነገር ግን ያለ እርሱ ፍትሕ አይጀመርም፤ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ሥራ ለማን ይከፈላል? በአሜሪካ የቀረበው ተቃውሞ ቢጸና ኖሮ ስሙ የማንም ያልሆነ ቃል ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከዚያም በኋላ ዋጋ ይጨመር የሚል ክርክር መነሻ ባላገኘ ነበር።

«ባለቤቱ ካልታወቀስ?» ለሚል ሰው የጌዴኦ ተራሮች መልስ አላቸው። በቱቶ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች የጠረቡት ሰዎች ስማቸው አልተገኘም። በ2021 የታተመ ጥናት በዚሁ በጌዴኦ የሚገኘውን የሳካሮ ሶዶን ሥፍራ ዕድሜ ወደ መጀመሪያው ምእት ዓመት ግድም አድርሶታል። በቱቶ ፈላ ካሉት መካከል ቀድሞ በሌላ ቅርጽ ቆመው የነበሩና ኋላ የመጣ ትውልድ እንደ ገና ጠርቦ የሰው መልክ ያወጣባቸው እንዳሉ የቍፋሮ ሊቃውንት ገልጸዋል። ያም ትውልድ እንግዲህ በሌላው ሥራ ላይ ሠርቷል፤ የቀደመውን ድንጋይ ግን አልሰበረውም፥ ዐይን ላለው ሰው የፊተኛው እጅ ዛሬም ይታያል። የጌዴኦ ሽማግሌዎችም ድንጋዮቹን እኛ ጠረብናቸው ሳይሉ በክብር ይጠብቋቸዋል። ስም በጠፋበት ቦታ እንኳ ዕዳው በጥበቃና በእውነት ሊከፈል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም።

፮ መደምደሚያ

ከተመለከትናቸው ነገሮች ሦስት ፍሬዎችን እንሰበስባለን። አንደኛ፥ በሌላው ሥራ ላይ መሥራት ነውር አይደለም፤ ሰንጠረዡም፥ ብራናውም፥ የጌዴኦ ማሳም፥ ስቶክፊሽም የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ሁለተኛ፥ ፈቃድ በነጻ መሆኑ ግዴታን አያስቀርም፤ ሰጪው በገንዘብ ያልጠየቀውን በስምና በቃል ጠይቋልና። ሦስተኛ፥ በደል ሲገኝ ፍርዱ በታወቀ ደንብና የተከሳሹን ቃል በመስማት ይሁን፤ የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ሁለቱንም ወገን እንደሚሰሙት ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ለተማሪ ባልንጀሮቻችን ነው። ዛሬ ኮድ መቅዳት ከብራና መገልበጥ እጅግ ይቀላል፤ ቍም ጸሐፊው ወራት የሚደክምበትን እኛ በአንድ ጣት እንፈጽመዋለን። ድካሙ ስለ ቀለለ ግን ዕዳው አልቀለለም። የይርጋ ጨፌ ስም ያለ ፈቃድ ሲወሰድ የተቈጣን ሰዎች፥ የሩቅ አገሩን ፕሮግራም ጸሐፊ ስም በጓዳችን ስንፍቅ ካልተቈጣን፥ ቍጣችን ለፍትሕ ሳይሆን ለራሳችን ጥቅም ነበር ማለት ነው።

እኛም በበኩላችን ያጠፋናቸውን መስመሮች ከምንጩ ፈልገን ወደ ቦታቸው መልሰናል፤ ፈቃዱ እንደሚያዝዘውም የፕሮግራማችንን ሶርስ ኮድ ማንም እንዲያነበው ከፍተናል። ከዚያም ወደ መምህራችን ሄደን፥ «የኔታ፥ ያ ክፍል የእኛ አልነበረም» ብለን ነገርናቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ዐውቄ ነበር፤ እናንተ እስክትነግሩኝ ነበር የጠበቅሁት» አሉን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። የሠራነው ፕሮግራም ከቀድሞው ይልቅ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን የቀረው ሁሉ በእውነት የእኛ ነው።